ባሕሩን ማን ወሰደው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ 11፣ 8 እና 4 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ልጆቹን «እውነተኛ ባሕር አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል ከገባላቸው ቆየ። ዘንድሮ እቁብ ወጣልን። በአጋማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ለአንድ ሳምንት ኬንያ፣ ሞምባሳ አካባቢ ልንሄድ አስበናል። እኔ ደግሞ ወፍ እወዳለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ቆሜ ፔሊካን ሳይ ጎረቤት «ምን ነካት?» ይላል። እዚያ ድረስ ሄጄ አሸዋ ላይ ተጋድሜ ብቻ መመለስ ያንገበግበኛል። ባለቤቴ ግን «ወፍ ለማየት ኬንያ? ጣና ምን ጎደለበትና?» ይለኛል። ማንንም ሳላስቀይም ሁለቱን እንዴት ላጣምር? (ወፍ ወዳዷ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለባለቤትሽ ይኼን ንገሪልኝ። ጣና ምንም አልጎደለበትም። አንድ ነገር ብቻ አያውቅም፤ መሸሽ። ጠዋት ያየሽው ውሃ ማታም እዚያው ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፣ እሱም በወራት። ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል። የጥያቄሽ መልስ በሙሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

እኔ ይኼን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ከዓመታት በፊት ቤተሰቤን ይዤ ዋታሙ ሄድኩ። ዋታሙ ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በሚወስደው መንገድ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ከሞምባሳ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በነጋታው ገና ሳይነጋ ልጆቹን ቀስቅሼ፣ እያለቃቀሱ፣ ሚዳ ክሪክ ወሰድኳቸው። ሚዳ ባሕሩ ወደ የብስ ገብቶ የተኛበት፣ ዙሪያውን ማንግሮቭ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ያጠረው ቦታ ነው። ጭቃው ላይ ወፍ በሺዎች ይሰማራል ብለውኛል። ደረስን። ጭቃ የለም። ወፍም የለም። ውሃው እስከ ዛፎቹ ወገብ ሞልቶ ጸጥ ብሏል፣ ቁርጥ ጣናን። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ የከፋው እሱ ነው።

ተመልሰን ቁርስ በልተን፣ ክሬም ተቀባብተን፣ ፎጣና ባልዲ ሰብስበን እስክንወጣ ስድስት ሰዓት ሆነ። «በሉ አሁን ዋና!» ብዬ ፊት ፊት ወረድኩ። ባሕሩ የለም። የነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ፣ አለት፣ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎች። ነጭ አረፋ ከሩቅ፣ ሪፍ ከሚባለው ባሕር ውስጥ ያለ የአለት ግድብ ላይ ይታያል። ያኔ የአምስት ዓመቱ ልጄ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቆመና «አባዬ፣ ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ጀልባ የሚጠግን ሰውዬ ግን ሰምቶን ሳቀና በጣቱ ሰማዩን አሳየን። ጨረቃዋን ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ሞልቶ እስኪጎድል ስድስት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፣ ጎድሎ እስኪሞላም እንደዚያው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ውሃው በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል፤ ግማሽ ጨረቃ ላይ ልዩነቱ ያንሳል። ወፎቹ የሚኖሩት በዚህ ሰዓት ነው እንጂ በእኛ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ተበትነው ይለቅማሉ፣ ግን ያኔ ሩቅ ናቸው፣ ነጥብ ነው የምታይው። ውሃው ሲመለስ እየገፋ እየገፋ ወደ አንቺ ያመጣቸዋል። ሲሞላ ደግሞ ተነስተው ወደ ማረፊያቸው ይሄዳሉ። እኔ የሄድኩት የሞላ ዕለት፣ በሞላበት ሰዓት ነበር፤ ሰው ቤት ባለቤቶቹ ሲወጡ እንደ መድረስ።

አሁን ስሚኝ። ልጆችሽም የሚፈልጉት ይኼንኑ ውሃ ነው። ለዋና የሚመቸው ሊሞላ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረውና ከሞላ በኋላ ነው። አንቺ የሚመጣውን ውሃ፣ እነሱ የመጣውን። ስለዚህ መጣላት የለም፤ ወረፋ ብቻ ነው። ውሃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ እሱ ውሃው የሚሞላው ቀን ስድስት ሰዓት ነው ካለ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሚዳ ትደርሻለሽ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትነሻለሽ፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። ባልሽ ከእንቅልፉ ሲነሳ አንቺ ተመልሰሻል፣ ደስ ብሎሻል፣ ምሳ ታዣለሽ።

ሰሌዳውን «ታይድ ቴብል» ይሉታል። ለሞምባሳም ለማሊንዲም የየቀኑ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ሆቴል ከመያዝሽ በፊት የሳምንቱን አውርጂና ወረቀት ላይ ጻፊው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ፤ ሰሌዳው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 12፡00 ካለ ቀን ስድስት ሰዓት ማለት ነው። የሚገርመው ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። «ሳ ታቱ» ካለሽ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፣ የኛው ሦስት ሰዓት። ግን እንግዳ መሆንሽን አይቶ በፈረንጅ ሊነግርሽም ይችላል፤ ሹፌር ስትቀጥሪ «በፈረንጅ ነው በስዋሂሊ?» ብለሽ አረጋግጪ። እኔ በዚህም ተበልቻለሁ፣ እሱን ሌላ ቀን።

ሚዳ ላይ ምን ታያለሽ? ለእኔ ንጉሡ ክራብ ፕሎቨር ነው። ነጭና ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ምንቃሩ ወፍራምና ጥቁር፣ ስሙ እንደሚለው ሸርጣን በላ። ትንሽ ሮጥ ይላል፣ ቆም ይላል፣ አንገቱን ሰበር ያደርግና ሸርጣኑን ከጭቃው መዥለጥ! ከዚያ እያራገፈ እግር እግሩን ይነቅላል። የ8 ዓመቱ ልጅሽ ይኼን ካየ አሸዋ ቤቱን ይረሳል። ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። የሚፈለፈለው በቀይ ባሕር፣ በዓረብ አገሮችና በሶማሊያ ዳርቻ ነው፤ እንደ ወፍ ጎጆ አይሠራም፣ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አንዲት ነጭ እንቁላል ይጥላል። ሚዳ የሚመጣው ከዚያ ሲመለስ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሙሉውን ቤተሰብ ይዘሽ ማንግሮቩ ውስጥ በገመድ በተንጠለጠለው የእንጨት መንገድ ላይ ቁሚ። መንገዱ ሲረገጥ ይወዛወዛል፣ ልጆች በሱ ብቻ ይበቃቸዋል። የመግቢያው ገንዘብ በአቅራቢያው ባለው ጫካ ዙሪያ ላሉ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ይውላል። በዚያ ሰዓት ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፎች መንጋ መንጋ ሆነው ለማደር ይመጣሉ። እነዚህ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የሚራቡ ወፎች ናቸው፤ በኛ በጋ ወደዚያ ይወርዳሉ። ለባልሽ «እነሱም ዕረፍት ላይ ናቸው» በይው።

ውሃው የማይመችበት ቀንስ? ማለትም ማለዳና ማታ ሞልቶ ቀትር ላይ የሚሸሽበት ቀን። ያን ዕለት ማለዳ ጫካ ሂጂ። አራቡኮ ሶኮኬ ይባላል፣ ዋታሙ አጠገብ ነው፣ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከተረፉት የዚህ ዓይነት ደኖች ትልቁ ነው። እዚያው ጌዲ የሚባል ቦታ ካለው የደኑ ቢሮ አስጎብኚ ያዢ፤ ብቻሽን ብትገቢ ቅጠል ነው አይተሽ የምትወጪው። እነሱ ግን የሶኮኬ ጉጉት ቀን ቀን የት እንደሚተኛ ያውቃሉ። ጉጉቱ ከአንድ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ከዚህ ደንና ታንዛኒያ ካለው ኡሳምባራ ተራራ ሥር ውጭ እምብዛም አይገኝም። አማትሽ ይኼን ከሰሙ «ገንዘብ ከፍላችሁ ጉጉት?» ብለው ማማተባቸው አይቀርምና አትንገሪያቸው። ሌላው ክላርክስ ዊቨር የሚባል ቢጫና ጥቁር ሸማኔ ወፍ ነው። ያለው በዚያው አካባቢ ብቻ ሲሆን ጎጆው የት እንደሆነ የታወቀው ገና በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ለልጆቹ ግን ከወፍ ሁሉ የሚበልጥባቸው መሬት ላይ የምትሮጠው ናት፤ ትንሽ ጥንቸል የምታክል፣ አፍንጫዋ እንደ ኩምቢ የረዘመ፣ መቀመጫዋ ላይ ወርቅ የተቀባች የመሰለች እንስሳ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዝም በሉ በያቸው።

ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጫካው እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሕያው ነው፣ ከዚያ ሙቀቱ ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ሙቀቱን አትናቂው። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን «ባሕር ዳር ይሞቃል» እንላለን፤ እዚያ ግን ላቡ አይደርቅም። የ4 ዓመቷን ጫካ አታስገቢ። አባቷ ጋ ትቅር። የ11 ዓመቱን ግን ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ጓደኛ ይበቃሻል። ለባልሽ «ሦስት ማለዳ ብቻ» ብለሽ ቁጥሩን አስቀድመሽ ቁረጪ፣ ከቁጥሩም አትለፊ። ቀሪው ቀን የሱና የልጆቹ ነው። ቀትር ላይ ውሃው ሲሸሽ አለቶቹ መሃል በቀረው ኩሬ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ማየት ይቻላል። ጌዲ የምትባለው የፈረሰች የስዋሂሊ ከተማም ቅርብ ናት፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፣ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች ዛፍ ወርሷቸው፣ ጦጣ ሲዘልባቸው ታያላችሁ።

ወሩን ደህና መርጠሻል። ብዙ ሰው ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሐምሌና ነሐሴ ይሄዳል፤ ያኔ ባሕሩ ነፋስ የበዛበት ነው፣ ከሰሜን የሚመጡት የውሃ ዳር ወፎችም አብዛኞቹ የሉም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው ዓለማቸው፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ ባሕሩም ይረጋል። ጥር መጨረሻ ግሩም ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ለሦስቱም ልጆች ለየብቻ ፓስፖርት ያስፈልጋል፣ ዛሬውኑ ጀምሪው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወጋት አለባችሁ። የመግቢያ ደንባቸው ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተቀያይሯልና ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ድረ ገጽ እይ። የወባውን ነገር፣ በተለይ ለትንሿ፣ ሐኪም አማክሪ። ፌስታል እንዳትይዢ! ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ በሶውንም ቆሎውንም በጨርቅ ከረጢት አድርጊው። ለልጆቹ ኮንጎ ጫማ ግዢ፤ አለቱ ላይ እሾኻም ጥቁር የባሕር ፍጥረት አለ፣ ባዶ እግር የረገጠው ሰው ሲጮህ ሰምቻለሁ፣ እኔው ነኝ። ምግብ አያሳስብሽ። ነነዌ ጾም ላይ ከዋላችሁ ምባዚ በሉ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ነው፣ ከኛ ሽሮ ጋር የሚዛመድ ነገር አለው። አንድ ሳህን ካዘዝሽ ባልሽ ከሳህንሽ መውሰዱ ስለማይቀር ሁለት እዘዢ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ዘመድ ከውጭ ባይኖኩላር ልግዛልህ ብሎኛል። 10 ጊዜ የሚያጎላ ይሻላል ወይስ 8? «እስከ 70 ያጎላል» የሚልም አይቻለሁ።

መልስ፦ 70 የሚለውን ተወው፣ ቀልድ ነው። የምታየው ጭጋግና የራስህን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። 8 በ42 በል። 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊተኛው መስተዋት ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃን ስለሚያስገባ ማለዳ ጥሩ ነው፣ እጅህም ብዙ አይወዛወዝበትም። ለልጅ ከሆነ 8 በ32 ይቀላል።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ባይኖኩላር በአገራችን እንደ ተራ ዕቃ አይታይም። አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝብህ ይችላል። ዘመድህ ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ጠይቅ፣ የሚባለውን ወረቀት አስይዝ። ይዞ ለሚወጣ ሰውም ሲወጣ ማስመዝገብ ነው፣ ሲመለስ «ከየት አመጣኸው?» እንዳይባል። እኔ አንድ ኬላ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። ለፈታሹ በመነጽሩ ወዲያ ማዶ ዛፍ ላይ ያለ ንስር አሳየሁትና ነው ነገሩ የተፈታው። ከዚያ ባልደረቦቹም እየተቀባበሉ አዩበት፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደ።

ጥያቄ፦ እኔ ኬንያ የምሄድበት ገንዘብ የለኝም። ልጆቼን ይዤ ጣና ዳር ይኼንኑ ማድረግ አልችልም? (አንድ አባት)

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፣ ከመዋኘቱ በቀር። ጣና ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ፤ ልጆቹን ውሃ ውስጥ አትልቀቅ፣ ዋናውን ኩሬ ባለው ሆቴል ጨርሱት።

ወፉ ግን በነጻ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዓባይ የሚወጣበት ጋ ሁኑ። ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ሲያጠምዱ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ሲያጠልቅ ሁሉም አብረው ሲያጠልቁ፣ ልጆች ይስቃሉ። ዓሣ በል ንስሩን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። ደንገሉ ውስጥ ደግሞ ከመዳፍ የማትበልጥ ሰማያዊና ብርቱካናማ ዓሣ አዳኝ ወፍ አለች። ከኅዳር እስከ ጥር መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀህ እስከ ፎገራ ሜዳ ሂድ፣ ወረታ አካባቢ። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከአውሮፓና ከሩሲያ ድረስ መጥተው ከታረሰው ማሳ የቀረ እህል በመንጋ ይለቅማሉ፤ ዘውድ የደፋው የኛው ክሬንም አብሯቸው አለ። ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ ቢያዩዋቸው ይሻላል፣ ከመኪና ይልቅ ሰው ነው የሚያስበረግጋቸው።

ታንኳ ላይ ለመውጣት ካሰብክ ግን ነፋሱ ሳይነሳ፣ ማለዳ ይሁን። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ ልጆቹን አታሳፍር። ዋጋውንም ዳር ላይ እያለህ ቁረጥ፣ መሃል ከገባህ በኋላ መደራደር የለም።